ለኪንታሮት ቤት ውስጥ ምን ይሻላል? ተልባ፣ የሳፋ ውሃ፣ ቅባትና ክኒን ሲነጻጸሩ

ኪንታሮት የያዘው ሰው አብዛኛውን ጊዜ አፍሮ ዝም ይላል። ሕመሙ ሲጠናበት ደግሞ የሰማውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይሞክራል፤ ከጎረቤት ተልባ፣ ከፋርማሲ ቅባት፣ ከገበያ ስሙ የማይታወቅ ዱቄት። እነዚህ ነገሮች ግን ሥራቸው አንድ አይደለም። ቅባት ማሳከክን ያስታግሣል፣ የሚደማን ኪንታሮት ግን አያድንም። ፋይበር፣ ማለትም በጥራጥሬ፣ በአትክልትና በፍራፍሬ ውስጥ ያለው የማይፈጭ ክፍል፣ ከሳምንታት በኋላ መድማትን ይቀንሳል፣ የዛሬን ሕመም ግን አያበርድም። ለብ ያለ ውሃ ባለበት ሳፋ ውስጥ መቀመጥ ለሰዓታት እፎይታ ይሰጣል፣ የደረቀ ሰገራን ግን አያለሰልስም። ስለዚህ መድኃኒት ከመምረጥዎ በፊት አሁን በይበልጥ የሚያስቸግርዎን ምልክት ይለዩ፦ ደም ነው፣ ሕመም ነው፣ ማሳከክ ነው ወይስ የሚወጣ እብጠት?

መጀመሪያ ኪንታሮት መሆኑን ይለዩ

ፊንጢጣ ውስጥ ሁላችንም በደም ሥር የተሞላ ለስላሳ ሥጋ አለን፤ ጋዝና ፈሳሽ እንዳያመልጥ ይረዳል። ይህ ሥጋ ሲያብጥና ወደ ታች ሲንሸራተት ኪንታሮት ይባላል። የውስጥ ኪንታሮት ያለበት ክፍል የሕመም ስሜት ስለሌለው አብዛኛውን ጊዜ አያምም። የሚታየው ከሰገራ በኋላ የሚንጠባጠብ ወይም ሶፍት ላይ የሚቀር ደማቅ ቀይ ደም ነው። ሐኪሞች በ4 ደረጃ ይከፍሉታል። 1ኛው ይደማል እንጂ አይወጣም፤ 2ኛው ሲያምጡ ወጥቶ በራሱ ይመለሳል፤ 3ኛው በጣት ካልገፉት አይገባም፤ 4ኛው ቢገፉትም አይመለስም። የቤት ውስጥ ሕክምና በደንብ የሚሠራው ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ደረጃዎች ነው። የውጭ ኪንታሮት ቆዳ ሥር ስለሆነ ያማል፣ ያሳክካል። ደም ከረጋበት ደግሞ በድንገት ጠንካራ፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ እብጠት ይወጣል።

በኪንታሮት ስም የሚታከሙ ሌሎች ሁለት ችግሮች አሉ። አንዱ የፊንጢጣ ስንጥቅ ነው። ሰገራ ሲወጣ በምላጭ የመቆረጥ ያህል ያማል፣ ከዚያም ለሰዓታት ያቃጥላል። ፋይበርና የሳፋ ውሃ ለዚህም ይጠቅማሉ፣ ግን የሚያስፈልገው ቅባት ሌላ ነው፤ በሐኪም ትእዛዝ የሚወሰድ ጡንቻውን የሚያላላ ቅባት ነው። ሁለተኛው መግል የያዘ እብጠት ነው። ቀንና ሌሊት ይጠዘጥዛል፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት አለው። ይህ በቤት አይታከምም፤ ተከፍቶ መግሉ መውጣት አለበት።

ምን ያመጣዋል?

ዋናው ምክንያት ደረቅ ሰገራን ማማጥና ሽንት ቤት ውስጥ መቆየት ነው። በ2025 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የታተመ፣ የትልቁ አንጀት ምርመራ በተደረገላቸው 125 ሰዎች ላይ የተካሄደ ጥናት፣ ስልክ ይዘው ሽንት ቤት የሚገቡት ኪንታሮት የመያዝ ዕድላቸው በ46 በመቶ ከፍ ብሎ እንደተገኘ አሳይቷል። ስልኩ ራሱ በሽታ አያመጣም፤ ሰውየውን ሳያውቀው ብዙ ደቂቃ ያስቀምጠዋል። ሲቀመጡ የፊንጢጣ ዙሪያ ያለ ድጋፍ ይንጠለጠላል፣ የደም ሥሮቹም ይወጠራሉ። ከእነዚህ ሌላ እርግዝና፣ ለረጅም ጊዜ የሚቆይ ተቅማጥና ዕድሜ ድርሻ አላቸው።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ደግሞ ለሌላ ችግር የሚወሰድ መድኃኒት ነው። ለነፍሰ ጡሮች የሚሰጠው የአይረን ክኒን ሆድ ያደርቃል፣ ሰገራንም ያጠቁራል። ትራማዶልና ኮዴይን የተባሉት የሕመም ማስታገሻዎች፣ አልሙኒየም ያለበት የጨጓራ መድኃኒት፣ ለድብርትና ለነርቭ ሕመም የሚሰጠው አሚትሪፕቲሊንም እንዲሁ ያደርቃሉ። ከእነዚህ አንዱን የሚወስድ ሰው የድርቀቱን ምንጭ ሳይነካ ቅባት ቢቀባ ድካም ነው። የታዘዘን መድኃኒት ግን በራስዎ አያቋርጡ፤ ያዘዘልዎትን ሐኪም ምትክ ወይም ማለስለሻ እንዲጨምርልዎ ይጠይቁ። ሚጥሚጣና በርበሬ ኪንታሮት አያመጡም፤ ስንጥቅ ወይም የተላጠ ቆዳ ካለ ግን ሲወጡ ያቃጥላሉ፣ ስለዚህ እስኪሻልዎት መቀነሱ አይከፋም።

በምን እንመዝናቸው?

ለእያንዳንዱ አማራጭ አምስት ጥያቄ እናነሳለን። ምክንያቱን ይነካል ወይስ ምልክቱን ብቻ? በስንት ጊዜ ለውጥ ያሳያል? ሳይጎዳ እስከ መቼ መጠቀም ይቻላል? ማን መጠቀም የለበትም? ዋጋውስ? ከሁሉም ክብደት የምንሰጠው ለመጀመሪያው ነው፤ ሰገራው ካልለሰለሰ ሌላው ሁሉ ጊዜያዊ ነውና።

ፋይበር፦ ምግብ፣ ተልባና ኢሳብጎል

ለኪንታሮት በቤት ውስጥ ከሚደረገው ሁሉ ጠንካራ ማስረጃ ያለው ፋይበር ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግመው ኮክሬን የተባለ ድርጅት ያወጣው ግምገማ 378 ሰዎች የተሳተፉባቸውን 7 ጥናቶች አሰባስቦ ፋይበር መድማትን በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ አግኝቷል። ውጤቱ ግን አይቸኩልም። ሰገራው በጥቂት ቀን ይለሰልሳል፣ መድማቱ እስኪቀንስ እስከ 6 ሳምንት መታገሥ ያስፈልጋል። አብዛኛው ሰው በሳምንቱ «አልሠራልኝም» ብሎ የሚተወው ይህን ስለማያውቅ ነው።

ለአዋቂ በቀን ከ25 እስከ 30 ግራም ፋይበር ይመከራል። ግማሽ ስኒ የተቀቀለ ምስር 8 ግራም ገደማ፣ ግማሽ አቮካዶ 6 ግራም ገደማ፣ አንድ ብርቱካን 3 ግራም ገደማ ይሰጣል። ምስር፣ ሽሮና ጎመን የማይጠፉበት የጾም ገበታ ለዚህ በሽታ ይስማማል። ችግሩ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳይጠጡ መዋል ነው። የሚጾም ሰው ከጾሙ መፍቻ እስከ መኝታ ድረስ 6 ወይም 7 ብርጭቆ ውሃ ከፋፍሎ ካልጠጣ፣ የበላው ፋይበር ራሱ ይደርቅበታል። በፍስክ ወቅት ደግሞ ሥጋ፣ ነጭ ዳቦና ፓስታ ሲበዙ ጥራጥሬው ይረሳል፤ ድርቀትም በዚያው ይጀምራል።

ተልባን በዚህ መንገድ ያዘጋጁ። ለቅመው፣ ለስለስ ባለ እሳት ጥቂት ቆልተው ይፍጩ። ለአንድ ሳምንት ከሚበቃው የበለጠ አይፍጩ፤ ዘይት ስላለው የተፈጨው ይሻግታል። ቢቻል በተከደነ ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጡት። አንድ የሾርባ ማንኪያ በአንድ ብርጭቆ ውሃ፣ ማለትም በ250 ሚሊ ሊትር፣ በጥብጠው ሳይወፍር ይጠጡ፤ ከላዩ ሌላ ብርጭቆ ውሃ ይጨምሩ። በመጀመሪያው ሳምንት በቀን አንድ ማንኪያ፣ በሁለተኛው ሁለት ማንኪያ ይበቃል። አንድ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ ያለው ፋይበር 2 ግራም ያህል ብቻ ስለሆነ ምግቡን አይተካም፤ ያግዘዋል።

ተልባ የማይሠራላቸው ሰዎች ብዙውን ጊዜ ከእነዚህ አንዱን ያደርጋሉ፦

- ሳይፈጩ ይውጡታል። ፍሬው እንዳለ ገብቶ እንዳለ ይወጣል።
- በወንፊት ያጠሉታል። የሚያዳልጠው ፈሳሽ ይቀራል፤ ከፋይበሩ ብዙው ግን ከገለባው ጋር ይጣላል።
- በትንሽ ውሃ ይወስዱታል። ያን ጊዜ ድርቀቱ ይብሳል።
- በአንድ ቀን 4 ማንኪያ ይጀምራሉ። ሆድ ይነፋል፣ ጋዝ ይበዛል፣ በሦስተኛው ቀን ያቆማሉ።

ኢሳብጎል ፋርማሲ የሚሸጥ፣ ሳይሊየም የተባለ ተክል ዘር ገለባ ነው። ከአንድ የሻይ ማንኪያ 3 ግራም ያህል ፋይበር ስለሚገኝ መጠኑን ማወቅ ይቀላል፣ ጋዝም ከተልባ ያነሰ ነው። ከ12 እስከ 72 ሰዓት ውስጥ መሥራት ይጀምራል፤ የተበጠበጠውን ሳይቆዩ መጠጣት ግድ ነው፣ በደቂቃዎች ውስጥ ይጠነክራልና። ዋጋው ግን ከተልባ ይወደዳል። ሁለቱንም ከሌላ መድኃኒት በ2 ሰዓት አራርቀው ይውሰዱ። የመዋጥ ችግር ወይም የአንጀት መጥበብ ያለበት ሰው፣ እንዲሁም ሆዱ ተነፍቶ የሚያስመልሰውና ጋዝ እንኳ ያልወጣለት ሰው ፋይበር አይውሰድ።

የሽንት ቤት ልማድ

ገንዘብ አይጠይቅም፣ ከፋይበር ጋር አብሮ መሄድ አለበት። ስሜቱ ሲመጣ አያቆዩት። ከቁርስና ከቡና በኋላ ባሉት 30 ደቂቃዎች አንጀት በተፈጥሮው ይንቀሳቀሳል፤ በዚያ ሰዓት ይሞክሩ። በ5 ደቂቃ ካልወጣ ይነሱ፣ ቆይተው ይመለሱ። የሚቀመጡበት ዓይነት ሽንት ቤት ከሆነ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ባለው በርጩማ ላይ እግርዎን ያሳርፉ፤ ጉልበት ከዳሌ ከፍ ሲል መውጫው ይስተካከላል። ቁጢጥ የሚሉበት ከሆነ በርጩማው አያስፈልግም፣ የ5 ደቂቃው ልክ ግን ያው ነው። ሲጨርሱ በውሃ ይታጠቡና በለስላሳ ጨርቅ ጫን ጫን እያደረጉ ያድርቁ፤ አይፈትጉ። ሽታ ያለው ሳሙናና ሽቶ የተጨመረበት እርጥብ መጥረጊያ ማሳከኩን ያብሳሉ።

ማለስለሻ መድኃኒቶች

ፋይበሩ እስኪሠራ መጠበቅ ለማይችል ሰው ላክቱሎዝ የተባለው ሽሮፕ ይሻላል። ለአዋቂ በቀን ከ15 እስከ 30 ሚሊ ሊትር ይወሰዳል፣ በ1 ወይም በ2 ቀን ይሠራል፣ ለነፍሰ ጡርም ይሆናል። ጋዝ ያበዛል፤ የስኳር ሕመምተኛ ሐኪሙን ይጠይቅ። አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ ፖሊኢትሊን ግላይኮል የተባለውን ዱቄት ያለ ማዘዣ ታገኛላችሁ፤ 17 ግራም በአንድ ብርጭቆ ውሃ በቀን አንድ ጊዜ ነው፣ ከላክቱሎዝም ያነሰ ጋዝ አለው።

ቢሳኮዲል የተባለው ክኒን ማታ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ግራም ይወሰዳል፣ ከተወሰደ ከ6 እስከ 12 ሰዓታት በኋላ ያስወጣል። ቁርጠት አለው፤ ለጥቂት ቀን እንጂ የዘወትር ልማድ አይሁን። ክኒኑን ከወተት ጋር አይውሰዱት፣ ሽፋኑ ጨጓራ ላይ ይሟሟና ያቃጥላል። የጉሎ ዘይትና የእንግሊዝ ጨው ለኪንታሮት አንመክርም። የሚያመጡት ተቅማጥ ያበጠውን ቦታ ደጋግሞ ያቆስላል፤ ከዚህም በላይ የጉሎ ዘይት ለነፍሰ ጡር፣ የእንግሊዝ ጨው ለኩላሊት ሕመምተኛ አደጋ ነው።

የሳፋ ውሃና በረዶ

ለብ ያለ ውሃ የተጨነቀውን የፊንጢጣ ጡንቻ ያላላል፤ ሕመሙ የሚቀንሰው በዚህ ነው። ኪንታሮቱን እንደሚያጠፋ ግን አይጠብቁ። ንጹሕ ሳፋ ውስጥ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ውሃ ይሙሉ፤ ሙቀቱ ከ37 እስከ 40 ዲግሪ ይሁን። ቴርሞሜትር ከሌለ በክርን ይፈትኑት፣ ሕፃን ለማጠብ የሚሆን ውሃ ነው የሚፈለገው። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይቀመጡ፣ በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ፣ በተለይ ከሰገራ በኋላ። ጨው፣ ዴቶል ወይም ኮምጣጤ አያስፈልግም፤ ንጹሕ ውሃ ይበቃል፣ ሌላው የተላጠ ቆዳን ያቃጥላል። መቀመጥ የሚያስቸግረው ሰው ለብ ባለ ውሃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ መያዝ ይችላል።

በረዶ የሚጠቅመው በድንገት ላበጠ የውጭ ኪንታሮት በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት ነው። በጨርቅ ጠቅልለው 10 ደቂቃ ይያዙ። ቆዳ ላይ በቀጥታ አያሳርፉት።

ቅባትና በፊንጢጣ የሚገባ መድኃኒት

ቱቦው ላይ የተጻፈውን የምርት ስም ሳይሆን የያዘውን ንጥረ ነገር ያንብቡ። ሊዶካይን ያደነዝዛል፣ ሕመምን ለጥቂት ሰዓት ይይዛል። ሃይድሮኮርቲዞን ማሳከክንና እብጠትን ይቀንሳል፤ ከ7 ቀን በላይ ሲቀቡት ግን ቆዳውን ያሳሳዋል፣ ከዚያም ቆዳው በትንሹ ይሰነጠቃል። ዚንክ ኦክሳይድና ቫዝሊን ቆዳን ከእርጥበት ይከልላሉ፤ አቅም ለሌለውና ነፍሰ ጡር ለሆነች ሴት የመጀመሪያ ምርጫችን እነዚህ ናቸው። በውጭ አገር ያለ ማዘዣ የሚሸጡ አንዳንድ ቅባቶች የደም ሥርን የሚያጠብ ፊኒልኤፍሪን የተባለ ንጥረ ነገር አለባቸው፤ የደም ግፊት ያለበት ሰው ሐኪም ሳይጠይቅ አይጠቀም። ለፊት ወይም ለጭርት የተገዛ ቤታሜታዞን እቤት አለ ብሎ መቀባት ትልቅ ስሕተት ነው፤ ለዚህ ቦታ ከሚፈለገው በጣም የጠነከረ ነው።

ከታጠቡና ካደረቁ በኋላ የሽንብራ ፍሬ የሚያህል ጠዋትና ማታ ይቀቡ። ለውጭ ኪንታሮት ቅባት ይሻላል። በፊንጢጣ የሚገባው መድኃኒት ለውስጡ ነው፤ ወደ ላይ ከፍ ብሎ ስለሚሟሟ ውጭ ላለው ማሳከክ ብዙም አይደርስም። ከሰገራ በኋላ በግራ ጎን ተኝተው፣ ጉልበት ወደ ደረት ስበው፣ ሹሉን ጫፍ አስቀድመው ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ያስገቡና 15 ደቂቃ ይተኙ። በሞቃት አገር ከለሰለሰ ሳይከፍቱ ፍሪጅ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ያቆዩት።

የሚዋጡ ክኒኖች

ለሕመም ፓራሲታሞል ይቅደም፤ ለአዋቂ በአንድ ጊዜ ከ500 ሚሊ ግራም እስከ 1 ግራም፣ በቀን ከ4 ግራም ሳያልፍ። ጉበቱ የታመመ ወይም መጠጥ የሚያዘወትር ሰው መጠኑን ሐኪም ይወስንለት። የሚደማ ሰው አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ባይወስድ ይመረጣል፣ መድማትን ሊያብሱ ይችላሉ። ትራማዶል ሕመሙን አብርዶ ነገ በድርቀት ይመልሰዋል።

ዳዮስሚንና ሄስፐሪዲን የያዘው ክኒን የደም ሥርን ያጠነክራል፣ በድንገተኛ ሕመም ጊዜ መድማትንና ሕመምን ይቀንሳል። የተለመደው አወሳሰድ 500 ሚሊ ግራሙን ለ4 ቀን በቀን 6 ክኒን፣ ከዚያ ለ3 ቀን በቀን 4 ክኒን፣ ከምግብ ጋር ከፋፍሎ ነው። ከዚህ ሁሉ ውዱ ይኸው ነው። ገንዘብዎ ከዚህና ከፋይበር አንዱን ብቻ የሚገዛ ከሆነ ፋይበሩን ይግዙ።

የሚያቃጥሉ ዕፆችና «በአንድ ቀን ይነቀላል» የሚሉ

እዚህ ላይ ማለሳለስ አንችልም። በብዙ ከተሞች ኪንታሮትን በዱቄት ወይም በፈሳሽ አቃጥለው «እንነቅላለን» የሚሉ አሉ። የሚቃጠለው ኪንታሮቱ ብቻ አይደለም፤ ጤነኛው ቆዳና ሰገራ የሚይዘው ጡንቻም አብሮ ይጎዳል። ቁስሉ ሲድን በጠባሳ ይጠብና ሰገራ እንደ እርሳስ ቀጥኖ የሚወጣበት፣ አለዚያም ሰገራ መቆጣጠር የማይቻልበት ሁኔታ ይመጣል። ያንን ማስተካከል ከመጀመሪያው ኪንታሮት ሕክምና እጅግ ይከብዳል። ነጭ ሽንኩርት ወይም ፌጦ ማስገባትም ያቃጥላል። የሬት ውስጡ ያለው ነጣ ያለ ዝልግልግ ውጭውን ሊያቀዘቅዝ ይችላል፤ ከልጣጩ ሥር የሚወጣው ቢጫ መራራ ፈሳሽ ግን ኃይለኛ ተቅማጥ ስለሚያመጣ አይጠጣም።

| አማራጭ | በይበልጥ የሚረዳው | ለውጥ የሚያሳየው | ዋጋ | ጥንቃቄ |
|---|---|---|---|---|
| ምግብና ተልባ | መድማት፣ ድርቀት | ሰገራ በቀናት፣ ደም እስከ 6 ሳምንት | ርካሽ | በቂ ውሃ፤ የአንጀት መጥበብ |
| ኢሳብጎል | መድማት፣ ድርቀት | ሰገራ ከ12–72 ሰዓት | መካከለኛ | በቂ ውሃ፤ የመዋጥ ችግር |
| የሽንት ቤት ልማድ | ሁሉም፣ እንዳያገረሽም | በሳምንታት | ነጻ | የለውም |
| ላክቱሎዝ | የጠና ድርቀት | 1–2 ቀን | መካከለኛ | ጋዝ፤ ስኳር ሕመም |
| ቢሳኮዲል | የጠና ድርቀት | 6–12 ሰዓት | ርካሽ | ቁርጠት፤ ለጥቂት ቀን |
| የሳፋ ውሃ | ሕመም፣ ማሳከክ | በደቂቃዎች | ነጻ | የፈላ ውሃ |
| በረዶ | ድንገተኛ እብጠት | በደቂቃዎች | ነጻ | በጨርቅ፣ 10 ደቂቃ |
| ሊዶካይን፣ ሃይድሮኮርቲዞን | ሕመም፣ ማሳከክ | በደቂቃዎች፣ በቀናት | መካከለኛ | እስከ 7 ቀን |
| ዚንክ ኦክሳይድ፣ ቫዝሊን | የተላጠ ቆዳ | በቀናት | ርካሽ | ብዙም የለውም |
| የዳዮስሚን ክኒን | ድንገተኛ መድማትና እብጠት | በቀናት | ውድ | ነፍሰ ጡር ሐኪም ትጠይቅ |
| የሚያቃጥል ዕፅ | ምንም | – | ብዙ ጊዜ ውድ | አይሞከር |

ለማን የትኛው?

ሳያምም የሚደማ፦ ፋይበር፣ ውሃና የ5 ደቂቃ ልክ። ቅባት ላይ ገንዘብ አያውጡ። ከ6 ሳምንት በኋላ ደሙ ካልቀነሰ፣ ጤና ተቋም ኪንታሮቱን በጎማ ማሰር ይቻላል፤ አጭር ሥራ ነው፣ ሙሉ ማደንዘዣ አይፈልግም።

በድንገት የወጣ ጠንካራ የሚያም እብጠት፦ ሰዓቱን ይመልከቱ። በመጀመሪያዎቹ 72 ሰዓታት ሐኪም ቆርጦ ቢያወጣው ሕመሙ ቶሎ ያልፋል። ካለፈ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ መታገሥ ይሻላል፤ ሕመሙ ከ7 እስከ 10 ቀን ውስጥ ይለቃል፣ እብጠቱ ራሱ ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል። በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት በረዶ፣ ከዚያ የሳፋ ውሃ፣ ሊዶካይን፣ ፓራሲታሞልና ላክቱሎዝ። በመርፌ ወጋ አድርጎ ደሙን ማፍሰስ በቤት አይሞከርም።

ማሳከክ ብቻ ያለበት፦ ሳሙናውን ይተው፣ በደንብ ያድርቁ፣ ዚንክ ኦክሳይድ ይቀቡ። ካልበቃ ሃይድሮኮርቲዞን ለ7 ቀን። ማታ ማታ የሚብስ ከሆነ፣ በተለይ ልጆች ባሉበት ቤት፣ የአንጀት ትል ሊሆን ስለሚችል ምርመራ ያድርጉ።

ነፍሰ ጡር፦ ምግብ፣ ኢሳብጎል ወይም ላክቱሎዝ፣ የሳፋ ውሃ፣ ቫዝሊን። በግራ ጎን መተኛት ከማህፀን የሚመጣውን ጫና ያቀላል። አይረኑን አያቋርጡ፤ ስለ አወሳሰዱ አዋላጇን ያማክሩ።

የሚወጣና በጣት የሚመለስ፦ ጣትዎን ቫዝሊን ቀብተው፣ በጎን ተኝተው፣ ቀስ ብለው ይግፉ። ፋይበሩን ቢቀጥሉም ለዘለቄታው የሐኪም ሥራ ይፈልጋል። አልመለስ ብሎ ቀለሙ ከጠቆረና ሕመሙ ከበረታ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ።

ቤት የማይቆይበት ጊዜ

አይረን ሳይወስዱ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፣ ከሰገራው ጋር የተቀላቀለ ደም፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ ለሳምንታት የተለወጠ የሰገራ ልማድ፣ ድካምና የፊት መገርጣት ከታዩ ምርመራ ያስፈልጋል፤ የትልቁ አንጀት ካንሰርም ይደማልና። ዕድሜው 45 የሞላው ወይም በቤተሰቡ ይህ ካንሰር የነበረ ሰው፣ ኪንታሮት እንዳለበት ቢያውቅም እንኳ፣ ደም ሲያይ ይመርመር። ደሙ ካላቆመና ራስ ካዞረዎት፣ ወይም ትኩሳትና ሽንት ለመሽናት መቸገር ከተጨመረበት ሳያድሩ ይሂዱ። ሲሄዱ ደሙ ከመቼ ጀምሮ እንደታየ፣ ቀለሙን፣ እንደሚያም እንደማያም፣ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች በሙሉ፣ ከዚህ በፊት የተቀቡትን ነገር ሁሉ ጽፈው ይያዙ። የሚያቃጥል ዕፅ ተጠቅመው ከሆነም አይደብቁ፤ ሐኪሙ የሚያየውን ቁስል በትክክል የሚረዳው ያኔ ነው።